ጥላዋን የሸጠች ሴት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ፎቶግራፍ ግርጌ ሁለት ቃል ጻፍኩ። ፎቶግራፉ ከእንጦጦ ቁልቁል የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት የሚያሳይ ነበር። «የሚያሳይ» ማለቱ እንኳ ያስቸግራል። የሚታየው ቅጠሉ ነው፤ ከቅጠሉ በታች ሁለት የቀጠኑ እግሮች፣ በጎን በኩል ደግሞ የገመድ ጫፍ አለ። እኔም «የድህነት ሸክም» ብዬ ጻፍኩበት። አዘጋጁ ወደደው፤ ታተመ። የሴትዮዋን ስም አልጠየቅኩም፤ ያነሳቸው ባልደረባዬም አልጠየቀም። እውነቱን ለመናገር፣ ስም ቢጻፍበት ኖሮ ሥዕሉ የሚበላሽ ሳይመስለን አልቀረም። ስም ያለው ሰው ምሳሌ አይሆንማ!

ወራት ካለፉ በኋላ ለሌላ ጉዳይ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ አንዲት ሻይ ቤት ገባሁ። ግድግዳው በጋዜጣ ተለጥፏል። ከዚያ ሁሉ ወረቀት መካከል ያንን ገጽ አየሁት። ባለቤቷ ዓይኔን ተከትላ፣ «የቅጠሉ ባለቤት እኮ እዚሁ ጎረቤታችን ናቸው» አለችኝና አስጠራቻቸው። መጡ። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ሥዕሉን ቀረብ ብለው፣ ራቅ ብለው አዩትና፣ «ቅጠሉስ የኔ ነው፤ እኔ ግን የታለሁ?» አሉኝ። ትንሽ ቆይተውም፣ «አንቺም ሴት ልጅ ነሽ፤ ፊቴን ሳታዪ ምኑን ጻፍሽው?» ሲሉ ጨመሩ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ከረመ። ስለ ሴቶች ምስልና ስለ ጋዜጣ የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር እሳቸውን እያሰብኩ ማንበብ ጀመርኩ። በዚህ መንገድ ነው ከአንዲት አሜሪካዊት ጋር የተዋወቅሁት፤ ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ጋዜጦች እንደፈቀዱ ሲስሏት፣ ራሷን በራሷ ገንዘብ አስነስታ፣ ከሥዕሏ ግርጌ የሚጻፈውንም ቃል ራሷ መርጣ ያሳተመች ሴት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ ከመዳፍ አይበልጥም። ስፋቱ ስድስት፣ ቁመቱ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዕድሜዋ ከስልሳ ያለፈ ጥቁር ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ትከሻዋ ላይ ነጭ ሻል ደርባለች፤ ፀጉሯን ነጭ ቆብ ሸፍኖታል። መነጽር አድርጋለች። እጇ ላይ የተጀመረ ሹራብ አለ፤ ክሩ በቀሚሷ ላይ ቁልቁል ወርዷል። አጠገቧ ባለው ጠረጴዛ ላይ አበባና መጽሐፍ ይታያል። ማንነቷን ሳይነግሩት ያያት ሰው የጡረተኛ ቄስ ባለቤት ናት ቢል አይፈረድበትም። ከሥዕሉ ግርጌ በማተሚያ ፊደል አንድ ዐረፍተ ነገር ሰፍሯል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አካሉን ለማኖር ጥላውን እሸጣለሁ» የሚል ነው። ቀጥሎ ስሟ አለ፦ ሶጆርነር ትሩዝ።

ጥላ በእኛ ቋንቋ ቀላል ቃል አይደለም። ግርማ የራቀውን ሰው «ጥላ ቢስ» እንለዋለን፤ የሚፈራውንና የሚከበረውን «ጥላው ይከብዳል» እንላለን። በሩቅ ሆኖ ሰውን ይጎዳል የሚባለው አስማተኛም ስሙ «ጥላ ወጊ» ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ጥላውን ሸጠ ቢባል አያቶቻችን ነፍሱን ሸጠ ከማለት ብዙ አይለዩትም ነበር። በዚያ ዘመን አሜሪካ ደግሞ ጥላ ማለት ፎቶግራፍ ማለት ነበር። ፎቶግራፍ አንሺዎች ደንበኛ የሚጠሩት፣ አካሉ ሳይጠፋ ጥላውን አስቀሩ በሚል ማስታወቂያ ነበር። ሰው ሊሞት ይችላልና ሥዕሉን ያዙ ለማለት ነው። ሶጆርነር ትሩዝ ይህንን የሞት ማስታወቂያ ወስዳ የመኖሪያ አደረገችው።

እንዲህ ያለችው ሴት ከማን ተወለደች? በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት፣ በኧልስተር አውራጃ፣ ከባሮች ተወለደች። የወጣላት ስም ኢዛቤላ ነበር። አሳዳሪዎቿ የሆላንድ ዘር ያላቸው ገበሬዎች ስለነበሩ አፏን የፈታችው በሆላንድኛ ነው። ይህንን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ከበግ መንጋ ጋር ተደርባ በአንድ መቶ ዶላር ተሸጠች። አዲሱ ጌታዋ የሚናገረው እንግሊዝኛ ብቻ ነበርና፣ የታዘዘችውን ባለመረዳቷ ትገረፍ ነበር። የዚያ ግርፋት ጠባሳ ዕድሜ ልኳን ከአካሏ አልጠፋም። (ይህንን ስጽፍ የኛኑ አገር ታሪክ ዘንግቼ አይደለም። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው፤ ከበግ ጋር ስለተሸጡት የኛ ኢዛቤላዎች ሥዕልም ስምም ያለን ጥቂት ነው።)

ኒውዮርክ ባሪያዎቿን ሁሉ በሐምሌ 4 ቀን 1827 ነፃ እንድታወጣ ሕግ ወጥቶ ነበር። የመጨረሻው ጌታዋ ዱሞንት በደንብ ከሠራሽ ከአዋጁ አንድ ዓመት ቀድሜ እለቅሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ቀኑ ሲደርስ ግን፣ በዚያው ዓመት እጇ ተጎድቶ ስለነበረ፣ «የሚገባሽን ያህል አልሠራሽም» ብሎ ቃሉን አጠፈ። እሷም የቀረውን ሱፍ ፈትላ ዕዳዬን ከፈልኩ ባለች ጊዜ፣ በ1826 መገባደጃ አንድ ንጋት ላይ ጨቅላ ሴት ልጇን ታቅፋ ወጣች። በኋላም ጴጥሮስ የተባለ ልጇ ከሕግ ውጪ ወደ አላባማ መሸጡን ስትሰማ ፍርድ ቤት ቆማ ተከራከረች፤ በ1828 ልጇን አስመለሰች። ፊደል ያልቆጠረች ጥቁር ሴት ነጭን ከስሳ መርታቷ ነው።

በ1843 ደግሞ ስሟን ራሷ ለወጠች። አዲሱ ስም በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቋንቋ «መጻተኛ እውነት» እንደማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራዋ መንገድና ንግግር ሆነ፤ ባርነት ይጥፋ፣ የሴቶች መብት ይከበር እያለች ከከተማ ከተማ ዞረች። ቁመቷ አንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ ነበር፤ ድምፅዋ ወፍራም ነው። ጋዜጦቹም ያዟት።

ጋዜጣ ሰውን ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ ከጋዜጠኛ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚያን ዘመን አሜሪካ ጥቁር ሴት በኅትመት የምትገባባቸው በሮች ጥቂት ነበሩ። አንዱ የፌዝ በር ነው፤ ኤድዋርድ ክሌይ የተባለ ሠዓሊ ከ1828 ጀምሮ «የፊላደልፊያ ኑሮ» በሚል ባወጣቸው ሥዕሎች፣ ነፃ የወጡ ጥቁር ሴቶችን ቆብና ጃንጥላ ይዘው ነጭ ለመምሰል የሚውተረተሩ አድርጎ አሳቀባቸው። ሁለተኛው የኀዘን በር ነው፤ ተንበርክካ፣ ሰንሰለት ታስራ የምትለምን ባሪያ። ይህችኛዋን ያሰራጯት የባርነት ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛው የሳይንስ በር ነው፤ ከሁሉም የከፋው። ለሦስቱም በሮች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፦ የሥዕሉ ባለቤት የሆነች ሴት ስም የላትም።

ሶጆርነር ስም ስለነበራት በእነዚህ በሮች አልገባ አለች። ስለዚህ ሌላ በር ተሠራላት።

በግንቦት 1851 በኦሃዮ ክፍለ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ በተደረገ የሴቶች ጉባኤ ላይ ተናግራ ነበር። የጉባኤው ጸሐፊ የነበረውና ወዳጇም የሆነው ማሪየስ ሮቢንሰን፣ ወሩ ሳይሞላ፣ ሰኔ 21 ቀን ንግግሩን «ፀረ ባርነት መለከት» ብለን ልንተረጉመው በምንችለው ጋዜጣው ላይ አወጣው። ቋንቋው ቀጥተኛ ነው፤ የወንድን ያህል ጡንቻ እንዳላት፣ እንዳረሰች፣ እንዳጨደች፣ እንደተሸከመች የሚናገር አጭር ንግግር። ከዚያ በኋላ ዐሥራ ሁለት ዓመት ጸጥታ ሆነ።

በሚያዝያ 1863 «የአጎት ቶም ጎጆ» ደራሲ ሃሪየት ቢቸር ስቶው በ«አትላንቲክ መንዝሊ» መጽሔት ላይ «የሊቢያዋ ሲቢል» የሚል ጽሑፍ ስለ ሶጆርነር አወጣች። ሲቢል ማለት በጥንት ግሪክና ሮም የነበረች ሴት ጠንቋይ ናት። ስቶው በዚያ ዘመን ስመ ገናና ነበረች፤ የጻፈችውን አገር ሁሉ ያነበዋል። የጻፈችው በፍቅር ነው። ግን ሶጆርነርን የአፍሪካን በረሃ በደሟ የያዘች፣ ሰውን ሁሉ «ማሬ» እያለች የምትጠራ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ የምትናገር እንግዳ ፍጡር አድርጋ ሳለቻት። ከዚህም አልፋ እንደ ሞተች አድርጋ ጻፈችላት! ሶጆርነር በዚያን ጊዜ በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በባትል ክሪክ በሕይወት ነበረች፤ ከዚያም በኋላ ሃያ ዓመት ኖራለች።

ሳምንታት ሳያልፉ፣ በዚያው ወር፣ የአክሮንን ጉባኤ በሊቀ መንበርነት መርታ የነበረችው ፍራንሲስ ጌጅ የድሮውን ንግግር እንደገና ጽፋ በኒውዮርክ ጋዜጣ አወጣች። አሁን ንግግሩ ረዝሟል፤ የደቡብ ባሮች አነጋገር ተብሎ በሚታወቀው ዘዬ ተለውጧል፤ አምስት ያህል ልጆች የወለደችው ሶጆርነር የዐሥራ ሦስት ልጆች እናት ሆናለች፤ ከሁሉም በላይ፣ «እኔስ ሴት አይደለሁም?» የሚል ጥያቄ እንደ አዝማች እየተደጋገመ ገብቶበታል። ይህ ጥያቄ በ1851 ጋዜጣ ላይ በዚህ መልክ የለም። ሆላንድኛ እየተናገረች ያደገችው የኒውዮርክ ሴት እንዴት የደቡብ ሰው ዘዬ እንደመጣላት የጠየቀ አልነበረም። ጥቁር ባሪያ እንዲያ ነዋ የሚናገረው!

ጌጅም ሆነች ስቶው ጠላቶቿ አልነበሩም። ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ከጠላት ሥዕል ጋር መጣላት ይቻላል። ወዳጅ «ስላዘንኩልሽ ሳልኩሽ» ሲል ግን ምን ይባላል? እኔ «የድህነት ሸክም» ብዬ ስጽፍ በጠላትነት የጻፍኩ ይመስላችኋል?

ሶጆርነር መልስ ሰጠች። የመጀመሪያው መልሷ ደብዳቤ ነው። በዚያው ዓመት ለአንድ የቦስተን ጋዜጣ አጽፋ በላከችው ቃል የስቶው ጽሑፍ በትክክል የተጻፈ እንዳልሆነ፣ «ማሬ» የምትለውን ቃልም ፈጽሞ እንደማትጠቀምባት አስታወቀች። ሁለተኛውና የዘለቀው መልስ ግን ፎቶግራፍ ነው።

ስለ ካርዶቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1854 ዲስዴሪ የተባለ የፓሪስ ፎቶግራፍ አንሺ ብዙ ሌንስ ባለው ካሜራ በአንድ መስተዋት ላይ ስምንት ያህል ትንንሽ ሥዕል የማንሳት ዘዴ አስመዘገበ። ቀደም ሲል የተለመደው ፎቶግራፍ በአብዛኛው አንድ ቅጂ ብቻ ነበረው። አሁን በእንቁላል ነጭ በተቀባ ወረቀት ላይ እየታተመ በወፍራም ካርድ ላይ የሚለጠፍ፣ በፖስታ የሚላክ፣ በአልበም የሚደረደር ርካሽ ነገር ሆነ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲፈነዳ ወታደሩ ሁሉ ለእናቱ፣ ለፍቅረኛው ካርድ ይልክ ነበር። የጄኔራሎችና የተዋናዮች ካርድ በሱቅ ይሸጣል። ጋዜጦች ፎቶግራፍን እንደ ፎቶግራፍ ለማተም ገና አልቻሉም ነበር፤ ቀራጭ በእንጨት ላይ ቀርጾት፣ እንደ መሰለው ለውጦት ነው የሚያትሙት። ካርዱ ግን የቀራጭ እጅ አይነካውም። እንዲህ ያለ መንገድ ለአንድ ሰው ሲከፈት ብልህ ሰው ምን ያደርጋል?

ሶጆርነር ወደ ፎቶ ቤት ሄደች። በተለይ በ1864 በዲትሮይት ከተማ የተነሳቻቸው የታወቁ ናቸው። ተነስታም ለፎቶ ቤቱ አልተወችውም። አሳተመችው፤ በየስብሰባው ይዛው ዞረች፤ በፖስታ ለጠየቃት ላከች። የአንዱ ዋጋ የዶላር ሲሶ ገደማ ነበር። በዚያ ገንዘብ ጎጆዋን ደጎመች፤ በዋሽንግተንና በአካባቢው ከባርነት ለወጡ ስደተኞች የምትሰጠውን አገልግሎትም ቀጠለችበት። መንግሥት ለጦርነቱ ወጪ ብሎ ከመስከረም 1864 እስከ ነሐሴ 1866 በፎቶግራፍ ላይ የቴምብር ቀረጥ ጥሎ ስለነበር፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት የተሸጡት ካርዶች ከጀርባቸው ቴምብር አለባቸው። አንድ ጊዜ በዶላር የተሸጠች ሴት አሁን ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ሻጭ ሆነች። ራሷም ይህንን አጥታው አይደለም፤ ድሮ ለሌሎች ጥቅም ትሸጥ እንደነበር፣ አሁን ግን ራሷን ለራሷ እንደምትሸጥ በስብሰባ ላይ እያሳቀች ተናግራ ነበር።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን በካርዱ ጀርባ ያለው ትንሽ ጽሑፍ ነው። በ1864 በሚሺጋን ምሥራቃዊ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት የሥዕሉ መብት የተመዘገበ መሆኑን ያስታውቃል። የተመዘገበውም በፎቶግራፍ አንሺው ስም አይደለም፤ በእሷ ስም ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ፎቶግራፍን በስሙ ጠርቶ ያስገባው ገና ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1865 ነው። ማንበብ የማትችል፣ እናትና አባቷ የሰው ንብረት የነበሩ፣ እሷም እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማዋ የሰው ንብረት የነበረች ሴት፣ ሕጉ ሳይደርስ ቀድማ የገጿን ባለቤትነት አስመዘገበች።

አሁን ወደ ሹራቡ እንመለስ። ለመሆኑ ሹራቡ ምን ይሠራል? ሶጆርነር በዚያ ዘመን የምትኖረው በሹራብ ሥራ አልነበረም። ከባቡር ባቡር እየወጣች፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት እየቆመች የምትሰብክ ተጓዥ ነበረች። ፎቶግራፉ ግን ቤቷ የተቀመጠች ባልቴት አድርጎ ያሳያታል። እንዲህ ስል የወቀስኳት ይመስላል፤ በእርግጥ መጀመሪያ ሳየው ቅር ብሎኝ ነበር። ያረሰችው፣ ያጨደችው፣ የተሸከመችው ሴት የታለች? ለነጭ እመቤቶች ዓይን እንዲጥም ተደርጎ የተሰናዳ ምስል አይደለምን?

ኋላ ግን በ1858 በኢንዲያና ክፍለ ግዛት የደረሰባትን አነበብኩ። ንግግሯን ለማፍረስ የመጡ ወንዶች፣ «ይህቺ ወንድ ናት እንጂ ሴት አይደለችም፤ ጡቷን ለሴቶቹ ታሳይ» ብለው ጮኹ። እሷም ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለጉባኤው ሁሉ ደረቷን ገልጣ፣ በእነዚህ ጡቶች ብዙ ነጭ ሕፃናት እንዳሳደገች፣ እፍረቱም የእሷ ሳይሆን የእነሱ እንደሆነ ተናገረች። ይህንን ካወቅሁ በኋላ ያ ሻል፣ ያ እስከ አንገት የተዘጋ ቀሚስ ሌላ ነገር ሆኖ ታየኝ። አንድ ጊዜ ሰውነቷን በግድ ያስገለጧት ሴት ሁለተኛ ጊዜ ስትታይ ምን እንደሚሸፈን የወሰነችው ራሷ ናት። በ1863 የሉዊዚያናው ባሪያ የተገረፈ ጀርባ ፎቶግራፍ አሜሪካን አናውጦ ነበር፤ ጠባሳ በዚያን ሰሞን ገበያ ነበረው። የሶጆርነርም ጀርባ ጠባሳ አላጣም። አልሸጠችውም። ዱሞንት «አልሠራሽባቸውም» ያላቸው እጆቿ ሹራብ ይዘዋል፤ ሌላ ያሳየችን ነገር የለም።

የፎቶግራፍ አንሺውም ችግር መነገር አለበት። በዘመኑ የነበረው ኮሎዲዮን የሚባል ኬሚካል ለቀይና ለቢጫ ቀለም ዓይኑ ደካማ ነው። ጥቁር ቆዳ ይጠቁራል፤ ነጭ ጨርቅ ይነድዳል። ለቆቧ የሚበቃ ብርሃን ለፊቷ አይበቃም። በጥድፊያ የተነሳ ቢሆን ኖሮ ነጭ ቆብ ያደረገ ጨለማ ብቻ በቀረን ነበር። በደህናዎቹ ካርዶች ላይ ግን የግንባሯ መስመር፣ የጉንጯ ጎድጎድ አንድም ሳይጠፋ ይታያል። ለሴኮንዶች ሳትነቃነቅ መቀመጧን፣ አንሺውም መጠንቀቁን እናያለን። በአንደኛው ካርድ ላይ ደግሞ ጭኗ ላይ ሌላ ትንሽ ፎቶግራፍ አለ፤ በማሳቹሴትስ 54ኛ ክፍለ ጦር ዘምቶ በ1863 የተማረከው የልጅ ልጇ የጄምስ ካልድዌል ነው። ሥዕል ውስጥ ሥዕል ይዛ ተቀመጠች።

ከላይ የሳይንስ በር ያልኩትን ሳልናገር ብቀር የነገሩ ክብደት አይታይም። በመጋቢት 1850 በደቡብ ካሮላይና፣ በኮሎምቢያ ከተማ፣ የሃርቫርዱ ፕሮፌሰር ሉዊ አጋሲ ጥቁሮች ከነጮች የተለየ ዘር መሆናቸውን አሳይበታለሁ ብሎ ሰባት ባሮችን ዜሊ በተባለ ፎቶግራፍ አንሺ አስነሳ። ከእነዚህ መካከል ዴሊያና ድራና የተባሉ ሁለት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ልብሳቸው እስከ ወገባቸው ወርዷል። እነሱም ወደ ካሜራው ያያሉ። ሥዕሎቹ ተረስተው በሃርቫርድ ቤተ መዘክር ጣሪያ ሥር በ1976 ተገኙ። በ2019 የዴሊያ አባት የሬንቲ ዘር ነኝ ያሉ ሴት ሥዕሎቹ ይመለሱልን ብለው ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። የማሳቹሴትስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2022 የሥዕሎቹን ባለቤትነት ከልክሎ፣ ስለ ደረሰባቸው የመንፈስ ጉዳት ግን መክሰስ ይችላሉ አለ። በ2025 ዩኒቨርሲቲው ሥዕሎቹን በቻርልስተን ለሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ቤተ መዘክር ለማስረከብ ተስማማ። አንድ መቶ ሰባ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። በዴሊያና በሶጆርነር ሥዕል መካከል ግን ያለው ልዩነት ዐሥራ አራት ዓመት ብቻ ነው። ካሜራው ያው፣ ብርሃኑ ያው። የሚለየው ያስነሳው ማን ነው፣ ከጀርባው የተጻፈው የማን ስም ነው የሚለው ነው።

እንግዲህ ሶጆርነር አሸነፈች ብዬ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ነገሩ እንዲያ አልሆነም። በኅዳር 1883 ባትል ክሪክ ውስጥ አረፈች። ከሞተች በኋላ ካርዶቹ አልበም ውስጥ ሲቀሩ፣ የጌጅ ጽሑፍ በየመጽሐፉ ተባዛ። ዛሬ በዓለም ላይ ስሟን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያውቃት በዚያ፣ ተናገረችው ለማለት በማያስደፍር ጥያቄ ነው። በ2009 በዋሽንግተን የምክር ቤቱ ሕንፃ ውስጥ የደረት ሐውልቷ ሲቆም፣ በዚያ ቦታ የተከበረች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች፤ ክብሩ የሚገባት ነው። ግን በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ፣ በየካናቴራው ላይ ያለውን እዩ። ሥዕሉ ያ የ1864ቱ ነው፤ ሹራቡ አለ፣ ሻሉ አለ። ግርጌው ተቆርጧል። እሷ ከፍላ ያሳተመችው ዐረፍተ ነገር ተነስቶ በቦታው የጌጅ ገብቷል። ስለ ጥላና ስለ አካል የተናገረችው ቃል የነጋዴ ቃል ስለሆነ ይሆን? ምሬት የሌለበት፣ ልመና የሌለበት፣ ዋጋ ያለበት ቃል። ጥቁር ሴት «እኔስ ሴት አይደለሁም?» ብላ ስትለምን እንሰማለን፤ «እሸጣለሁ» ስትል ግን ቀጥለን የምንጽፍላት ይጠፋናል።

ባለፈው ዓመት የሶጆርነርን ሥዕል በጥሩ ወረቀት አሳትሜ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። ሻይ ቤቷ አለች። ግድግዳዋ ቀለም ተቀብቶ ጋዜጣው ጠፍቷል። እማማን አስጠራኋቸው። ጉልበታቸው እምቢ ብሎ ቅጠል መሸከሙን ትተው፣ አሁን በደጃቸው ጎመንና ቃሪያ ይሸጣሉ። ሥዕሉን ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን ይዘውት ሄደው ቆዩበት።

«ክሩን እያየች አይደለም» አሉ። «ለፎቶው ነው እንጂ ሹራብ እየሠራች አይደለም።»

አዎን፣ ለፎቶው ነው አልኳቸው። ባሪያ እንደነበረች፣ ሥዕሉን እየሸጠች ትኖር እንደነበር አጫወትኳቸው። ከግርጌ ያለውን ጽሑፍም ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ጥላ የሚለውን ሲሰሙ አማተቡ፤ ቀጥለው ሳቁ።

«እርስዎስ እንዴት ቢነሱ ይወዳሉ?»

«እሑድ፤ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ። ነጠላዬን ለብሼ፣ ተቀምጬ። ቅጠል የሚባል ነገር አጠገቤ እንዳይደርስ።» ሥዕሉን እንደገና አዩት። «ከታቹም አንቺ አትጽፊበትም። እኔ ነኝ የምነግርሽ።»

እሺ አልኳቸው።

«ይቺ ሴትዮ ለመሆኑ አንዱን በስንት ነበር የምትሸጠው?»

የዶላር ሲሶ ገደማ አልኳቸው። በብር አስልቼ እንድነግራቸው ጠየቁኝ።